አሞርዛተሩ ሲበላሽ፦ ከመፍታታችሁ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በቦንጋ ከተማ፣ በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና፣ በአዲዮ፣ በጌዋታና በሌሎችም የካፋ ዞን ወረዳዎች ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሞተር ሳይክል አሞርዛተር ነው። ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝተን ያስገጠምነው አሞርዛተር ዘይት ሲያፈስ፣ ዘንጉ ሲጎብጥ ወይም ሲሰበር ምን እናድርግ? ይጠገናል ወይስ ይቀየራል? ሻጩስ ይጠየቃል?

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ዝርዝሩን ቀጥለን እናየዋለን። የተበላሸ አሞርዛተር ከመፈታቱ በፊት ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛ፣ የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው? ሁለተኛ፣ ምን አበላሸው? ሦስተኛ፣ ከተገዛ ስንት ቀን ሆነው? ይህን ሳይለይ ወደ መፍቻ የሚሮጥ ሰው ገንዘቡን የማስመለስ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ሕይወቱንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ ቀላል አይደለም። ከጅማ ተነስቶ በቦንጋ አድርጎ ወደ ሚዛን የሚዘልቀው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባ ሞተረኛ ግን የሚጠብቀው ኮረት፣ ጉድጓድና ቀይ ጭቃ ነው። ካፋ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ምድር ስለሆነ ጭቃው ቶሎ አይለቅም። በዚያ መንገድ ላይ ሞተር ሰው ያመላልሳል፣ ቡናና ማር ወደ ገበያ ያወጣል፣ የታመመን ሰው ጤና ጣቢያ ያደርሳል። አሞርዛተሩ ሲደክም የመጀመሪያው ተጎጂ የነጂውና የተሳፋሪው ወገብ ነው። ከዚያ የባሰም አለ፤ ጎማው መሬት መርገጡን ትቶ ሲነጥር ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን አሞርዛተር እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ሥራውን ያወቀ ሰው ብልሽቱን ለመለየት አይቸገርም።

የኋላ አሞርዛተር የተለያየ ሥራ ያላቸውን ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ የያዘ ነው። አንደኛው ከውጭ የሚታየው ሞላ ነው። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ሁለተኛው በሞላው መካከል ያለው ዘይት የያዘ ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ በዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ፒስተኑ ዘይቱን በእነዚያ ቀዳዳዎች እያሾለከ ይንቀሳቀሳል። የሕክምና መርፌ ውሃ ሞልታችሁ ስትገፉ እንደምታዩት ነው፤ በቀስታ ሲገፉት ይሄዳል፣ በኃይል ሲገፉት ይታገላል። ያ ትግል ነው የሞላውን መንጠር የሚያበርደው።

እንግዲህ ዘይቱ ከፈሰሰ ሞላው ብቻውን ይቀራል። ሞተሩ አሁንም ክብደት ይሸከማል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ይሠራል» ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። ነገር ግን መንጠሩን የሚገታው የለም። በአንጻሩ ዘይቱ ደህና ሆኖ ሞላው ከደከመ ሞተሩ ወደ ኋላ ይቀመጣል፣ ጉድጓድ ሲገባም ብረት ከብረት ይጋጫል። ሁለቱ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ወንበሩን በሁለት እጃችሁ በኃይል ወደ ታች ተጫኑና ልቀቁ። ደህና አሞርዛተር ተመልሶ ይረጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ዘይቱ አልቋል ወይም በውስጥ ያለው ቫልቭ ተበልቷል። ቀጥላችሁ ዘንጉንና ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጥቂት ነድታችሁ መልሳችሁ እዩት። አዲስ የዘይት እርጥበት ካለ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ኦይል ሲሉ፣ ለቋል ማለት ነው። መጀመሪያ መጥረግ ያስፈለገው ከሰንሰለት የሚረጭ ዘይት ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስት ነው። በመጨረሻ ላይና ታች ከሻንሲው ጋር የሚያያዝባቸውን የጎማ ቦኮላዎች ነቅንቁ። ኳ ኳ የሚል ድምፅ ካለ ያረጀው አሞርዛተሩ ሳይሆን ቦኮላው ሊሆን ይችላል። አንድ ትንሽ ጎማ ለመቀየር ሙሉ አሞርዛተር መግዛት አያስፈልግም።

(መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። አብዛኛው ክርክር የሚጀመረው እዚያ ነው።

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አሞርዛተር አለ። የመጀመሪያው የሞተሩ አምራች በራሱ ስም የሚያቀርበው ነው፤ ኦሪጅናል የምንለው። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ በራሱ ስም ሠርቶ ለዚያ ሞተር እንዲሆን የሚሸጠው ነው። ሦስተኛው የሌላውን ስምና ካርቶን አስመስሎ የሚሸጠው ፎርጅድ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ብዙ የሞተር አምራቾች ራሳቸው አሞርዛተር የሚገዙት ከሌላ ፋብሪካ ነው፤ ለምሳሌ ለሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ አሞርዛተር ከሚያቀርቡት አንዱ ኢንዱራንስ የተባለ ሌላ የሕንድ ድርጅት ነው። በስዊድን በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኦሊንስ ደግሞ ስሙን የተከለው ሌሎች ለሠሯቸው ሞተሮች አሞርዛተር በመሥራት ነው። ስለዚህ በራሱ ስም የቀረበ ዕቃ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። በሰው ስም የቀረበ ግን ከመነሻው ማታለል ነው።

ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን አሞርዛተር ይዛችሁ ሂዱ። ከላይኛው ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሐል ያለውን ርዝመት በሜትር ለኩ። አዲሱ ከዚያ ከረዘመ ወይም ካጠረ የሞተሩ አቋም ይለወጣል፣ የሰንሰለቱም ውጥረት ይዛባል። የቡሎኑ ቀዳዳ ስፋት እኩል መሆኑን አረጋግጡ። የሞላውን ውፍረት አነጻጽሩ። ዘንጉን በጣታችሁ ዳስሱት፤ የዛገ ወይም የተጫረ ከሆነ አትግዙ፤ ያ ጭረት ኦይል ሲሉን በጥቂት ጊዜ ይበላዋል። ሁልጊዜም ሁለቱን ጎኖች አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ጭነቱ በአንድ ወገን ይወድቃል፤ አዲሱም ያለ ዕድሜው ይሞታል።

ከሻጩ ጋር የሚደረገው ንግግርም የራሱ ሥርዓት አለው። ይህን ስሙ።

(ሁለት ድምፆች)

ገዢ፦ ጋሼ፣ ይህ አሞርዛተር የማን ሥራ ነው?

ሻጭ፦ የፋብሪካው ስም ካርቶኑ ላይ አለ፤ እየው።

ገዢ፦ ዋስትና አለው?

ሻጭ፦ ቢበላሽ አምጣው፣ እቀይርልሃለሁ።

ገዢ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እስከ መቼ እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፉልኝ። የሞተሩንም ዓይነት ይጨምሩበት።

(ድምፆቹ ያበቃሉ)

ገዢው የጠየቀው ብዙ አይደለም። የቃል ተስፋውን ወደ ጽሑፍ ነው ያወረደው። ደረሰኙ ላይ «መለዋወጫ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ በኋላ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። «የኋላ አሞርዛተር፣ ጥንድ» ተብሎ ከነሞተሩ ዓይነት ቢጻፍ ግን ማንም አይክደውም። ዕቃውን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ልካችሁ ካስመጣችሁም ደረሰኙ አብሮ እንዲመጣ አድርጉ።

(መሸጋገሪያ)

ሕጉስ ምን ይላል? ሁለት ሕጎችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ ሌላ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ከዚህ የረዘመ ዋስትና ከሰጠም ያ ዋስትና እንደጸና ይቆያል። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ 15 ቀኑን በልባችሁ ያዙ። አዲስ አሞርዛተር ሲገጠም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመፈተኛ ጊዜ ናቸው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ዘንጉን ጥረጉ፣ ተመልከቱ።

በአዋጁ ሸማች የሚባለው ዕቃውን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛ ሰው ነው። ሞተሩን ለታክሲ ሥራ የሚያሠራ ሰው «አንተ ሸማች አይደለህም፣ ነጋዴ ነህ» የሚል ክርክር ሊገጥመው ይችላል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ሕግ ይመጣል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ። የሽያጭ ውል ድንጋጌዎቹ ለንግድም ሆነ ለግል የገዛን ሰው ያገለግላሉ። በዚህ ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ዋስ ነው። ገዢ በበኩሉ ዕቃውን እንደተረከበ የመመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ጉድለቱን ካስታወቀ በኋላ ክስ የሚያቀርብ ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ዋስትናን በስምምነት ማጥበብ ወይም ማስቀረት ይቻላል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን እንዲህ ያለው ስምምነት አያድነውም።

ሁለቱም ሕጎች የሚጠብቁት ግን በዕቃው ላይ የነበረን ጉድለት ነው። ከመጠን በላይ በመጫን፣ በመውደቅ ወይም በተሳሳተ መግጠም የመጣ ብልሽት የሻጩ ዕዳ አይደለም። አንድ ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ሁለት ጆንያ የጫነ ሞተረኛ ከራሱ ጋር የሦስት ሰው ያህል ክብደት አሳፍሯል ማለት ነው። የጎበጠ ዘንግ ወይም የተሰበረ ሞላ ይዞ ቢመጣ ሻጩ ስለ ጭነቱ ቢጠይቅ እውነት አለው። አዲስ ሆኖ ሳለ፣ በልኩ እየተጫነ፣ በሳምንቱ ዘይት ያፈሰሰ አሞርዛተር ግን ሌላ ነው። እሱ የፋብሪካ ጉድለት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለዚህ ጉድለት ስታገኙ እንዲህ አድርጉ። አሞርዛተሩን አታስከፍቱ፤ ከተከፈተ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። በገጠማችሁበት ሁኔታ እንዳለ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከሞተሩ ላይ አስወልቃችሁ፣ ጥንዱን አንድ ላይ ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ። ሻጩ ሩቅ ከሆነ በስልክ ብቻ አትናገሩ፤ አጭር መልእክት ጻፉለት፣ መልእክቱን አታጥፉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ይህን ጻፉ፤ በቀስታ አነበዋለሁ።

«በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ደረሰኝ ከእርስዎ ሱቅ ጥንድ የኋላ አሞርዛተር ገዝቻለሁ። ዕቃውን በዚህ ቀን አስገጥሜያለሁ። በዚህ ቀን የግራው አሞርዛተር ዘይት ሲያፈስ አግኝቻለሁ። ዕቃው አልተከፈተም። እንዲቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

በቃ። ስድብ የለበትም፣ ማስፈራሪያ የለበትም። ቀን፣ ዕቃ፣ ጉድለት፣ ጥያቄ። ብዙ ነጋዴ ደንበኛውን ማጣት ስለማይፈልግ ጉዳዩ በዚሁ ያልቃል። እሱም ለአከፋፋዩ የሚያቀርበው ማስረጃ ያገኛል። ካልሆነ ወደ ከተማችሁ ወይም ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። አቤቱታውን ለማቅረብ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ፍርድ ቤት አለ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ዋስትናው ካለፈ ወይም ጥፋቱ የራሳችን ከሆነ ወደ ጥገና እንሄዳለን። ለምትሰሙኝ መካኒኮችም በአክብሮት የማቀርበው ነገር እዚህ ላይ ነው።

የፊት ሹካው፣ ማለትም የፊት አሞርዛተሩ፣ ይጠገናል። ለመፈታት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ኦይል ሲሉና አቧራ መከላከያው ይቀየራል፣ ዘይቱም ይታደሳል። ዘይቱ በአምራቹ መጠን፣ በሁለቱም ቱቦ እኩል መሞላት አለበት። የሹካ ዘይት ካልተገኘ ብዙ መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ቅጥነቱ ስለሚቀርብ ያስኬዳል። የፍሬን ዘይት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሲሉን ጎማ ያሳብጠዋል። ከሞተር የተቀዳ አሮጌ ዘይትም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ አዲሱን ሲል ይበላዋል። ዘንጉ ከተጫረ ሲል ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ከፊት ሹካ የሚወርድ ዘይት ወደ ፍሬን ዲስክ ከደረሰ ደግሞ ሞተሩ በዚያው ይቁም፤ ዘይት የነካው ፍሬን አይዝም።

የኋላ አሞርዛተር ቦኮላም ይቀየራል። ቡሎንና ዳዶም እንዲሁ። በጥራት የተሠሩ ውድ አሞርዛተሮችም እንዲፈቱና እንዲታደሱ ተደርገው ይሠራሉ።

በእኛ ገበያ በብዛት የሚገኘው ርካሽ የኋላ አሞርዛተር ግን አፉ በፋብሪካ ተጨፍልቆ ወይም ተበይዶ የተዘጋ ነው። አንዳንድ ጋራዥ ቱቦውን በስቶ ዘይት ይሞላና መልሶ ይበይደዋል። ይህን አታድርጉ፤ አታስደርጉ። ቱቦው ውስጥ ዘይት አለ፤ በአንዳንዱም ውስጥ በግፊት የታመቀ ናይትሮጂን ጋዝ አለ። ይህ በእሳት ሲነካ ሊፈነዳ ይችላል፤ መካኒኩን ፊቱ ላይ ያገኘዋል። ከብየዳው በሰላም ቢወጣም የብየዳው ሙቀት የውስጡን ሲል ስለሚያቃጥለው ዘይቱ በጥቂት ቀን ተመልሶ ይፈሳል። የተሰበረ ዘንግ ወይም የተላቀቀ ጆሮ፣ ማለትም የቡሎኑ ቀዳዳ ያለበት ጫፍ፣ በብየዳ መቀጠል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ብየዳው ቁልቁለት ላይ ቢለቅ ነጂውን የሚያተርፈው ነገር የለም።

ሞላውም አደገኛ ነው። ተጨምቆ የታሰረ ሞላ ያለ መጭመቂያ መሣሪያ ሲፈታ እንደ ጥይት ይወረወራል። መሣሪያው የሌለው ጋራዥ «አልችልም፤ መሣሪያው ያለው ጋር ውሰደው» ቢል ሙያውን አክብሯል፣ ደንበኛውንም አክብሯል።

መንገድ ላይ ቢበላሽባችሁስ? ዘይት እያፈሰሰ ብቻ ከሆነ ተሳፋሪውን አውርዱ፣ ጭነቱን አቅልሉ፣ ዘይቱ የኋላ ጎማና ፍሬን እንዳይነካ ጥረጉ፣ በዝግታ ወደ ቅርብ ከተማ ግቡ። ዘንጉ ወይም ጆሮው ከተሰበረ ግን አትንዱት። በገመድ አስሮ፣ እንጨት ደግፎ መንዳት አያዋጣም፤ ሞተሩን በመኪና ጭናችሁ ውሰዱት። አንዱን ብቻ አውልቆ በሌላው መንዳትም የኋላውን ሹካ ያጣምመዋል።

(መሸጋገሪያ)

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ስለ እንክብካቤ ጥቂት ልጨምር። ጭቃ ዘንጉ ላይ እንዳይደርቅ በየቀኑ እጠቡት፤ የደረቀ ጭቃ ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገባ ሲሉን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በግፊት የሚረጭ ውሃ በቀጥታ ሲሉ ላይ አታነጣጥሩ። የሞላውን ጥንካሬ ማስተካከያ ጥርስ በሁለቱም ጎን እኩል አድርጉት፤ ጭነት ስትይዙ ከፍ፣ ስታራግፉ ዝቅ። የተቀዳውን ዘይት ወንዝ ዳር አትድፉት። ደናችንና ውሃችን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ የተመዘገበ ሀብት ነው፤ ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅማችሁ ጋራዥ ስጡ።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የዛሬውን እንጠቅልል። አሞርዛተር ሲበላሽ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። ከ15 ቀን በታች ከሆነ ወይም የጽሑፍ ዋስትና ካለው ሳታስከፍቱ ወደ ሻጩ መልሱ። ቀኑ ካለፈም ጉድለቱ የፋብሪካ ከመሰላችሁ ሳትዘገዩ በጽሑፍ አስታውቁ። ጥገና ካስፈለገ የሚጠገነውን፣ የፊት ሹካንና ቦኮላን፣ ጠግኑ። የተዘጋውን የኋላ አሞርዛተር ግን ቀይሩ፤ ሲቀየርም በጥንድ ይሁን። ነጋዴዎች ሆይ፣ የሸጣችሁትን ለገዢው በዝርዝር ጻፉለት፤ መካኒኮች ሆይ፣ መብየድ የሌለበትን አትበይዱ። ሞተር ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ዛሬ ማታ ወንበሩን አንዴ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ከነጠረ ነገ ሰው ከማሳፈራችሁ በፊት አስመርምሩት።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)